ራሱን የሚያቃና ማሽን

ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የስፕሩስ ጣውላ ላይ ሦስት አስረኛ ሚሊ ሜትር ብናነሳ ክብደቱ አንድ አስረኛ ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይገምተዋል። ጣውላውን ለማጠፍ የሚጠይቀው ኃይል፣ ማለትም ግትርነቱ ግን በ27 በመቶ ይወርዳል። የአንድ ሰሌዳ ግትርነት የሚከተለው የውፍረቱን ኪዩብ ነው፤ ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በውፍረቱ ሲባዛ የሚገኘውን ቁጥር። ያው ጣውላ 2.4 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ብናሳሳው ያጣው ክብደት አንድ አምስተኛ ብቻ ሲሆን ግትርነቱ ግን በግማሽ ያህል ወድቋል። በመጀመሪያው ጊዜ ያነሳነው ሦስት አስረኛ ሚሊ ሜትር ሦስት ቅጠል የቢሮ ወረቀት ተደራርቦ የሚኖረው ውፍረት ነው።

የጊታር የፊት ጣውላ ሁለት የማይስማሙ ሥራዎች ተጭነውበታል። የብረት ክር የተወጠረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች በአንድነት ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ይስቡታል፤ ያን ለዓመታት መሸከም አለበት። በዚያው ላይ ደግሞ አንዲት ክር በጣት ስትነካ አየሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ያህል መርገብገብ አለበት። ከሳሳ ክሮቹን የሚይዘው ድልድይ ከተጣበቀበት ቦታ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ከወፈረ አይነቃነቅም፣ ድምፁም ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ለብረት ክር ጊታር የሚሆን ስፕሩስ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለናይለን ክር ጊታር ከ2 እስከ 2.5፣ ለኡኩሌሌ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይደረጋል። በእንፋሎትና በሙቀት የሚታጠፈው የጎን እንጨትም 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በጣም ከወፈረ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ አንዱ ቦታ ከሌላው ከሳሳ ደግሞ መታጠፊያው እዚያ ላይ ይሰበሰብና በለስላሳ ኩርባ ፈንታ ማዕዘን ይወጣል።

የፊት ጣውላው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማሳየት የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሄደበትን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውንና ጎኖቹን ከተቦካ ወረቀት፣ ፊቱን ግን ከስፕሩስ አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። ጊታሩ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ወረቀት ለጀርባ ከበቃ፣ ሠሪው ጥበቡን የሚያፈስሰው ፊቱ ላይ መሆኑ ግልጽ ነው።

ቶሬስ ጣውላውን ያሳሳው በእጅ መላጊያ ነበር። ዛሬም በእጅ መላጊያ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸውም የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ይህን መንገድ ለጀማሪ አልመክርም። የፊት ጣውላን ለመጨረስ ሠሪው ጆሮው አጠገብ ይይዘውና በጣት እያንኳኳ ያዳምጠዋል፤ በሁለት እጁ ይዞ በቀስታ ያጥፈዋል። እንጨቱ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው መልስ ትርጉም የሚኖረው ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ነው። እዚህ 2.6፣ እዚያ 3.1 የሆነ ጣውላ ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ የእንጨቱ ባሕርይ ይሁን የመላጊያው ስህተት መለየት አይቻልም። ልምድ ያለው ሠሪ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ጀማሪው ግን መጀመሪያ እኩል የሆነ ነገር ያስፈልገዋል፤ ጆሮው የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው።

ተራው የመላጊያ ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቢላዎቹ እየተሽከረከሩ እንጨቱን የሚያነሱት በመቁረጥ ነው፤ የእንጨቱ ቃጫ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ቢላው ከመቁረጥ አልፎ ይነቅላል። ቃጫቸው የሚወዛወዝ፣ በውበታቸው የሚፈለጉት የሜፕል ጣውላዎች ላይ ጉድጓድ ጥሎ ይሄዳል። ማሽኑ እንጨቱን ለመሳብ በሮለሮቹ ይጫነዋል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የቀረው ጣውላ ደግሞ ከሮለሩ ሥር ይርገበገብና ቢላው ሲያገኘው ይሰባበራል። የጊታር ሠሪው ሥራ ግን የሚጀምረው የመላጊያ ማሽኑ ከሚያቆምበት ላይ ነው።

መልሱ ቢላውን በብርጭቆ ወረቀት መተካት ነው። ወረቀቱ በአንድ ሲሊንደር ላይ ይጠቀለላል፣ ሲሊንደሩ በሞተር ይሽከረከራል፣ ከሥሩ ከፍታው የሚስተካከል ገበታ ይቀመጣል፣ ጣውላው በገበታውና በሲሊንደሩ መካከል ያልፋል። እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት የምታነሳው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የቃጫው አቅጣጫ አያስቸግርም፤ ጣውላው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀረውም አይሰበርም። ፋብሪካ የሚሠራቸው እንደዚህ ያሉ ማሽኖች አሉ። ግን የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ የራሳቸውን ሲሠሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በተመሠረተው የአሜሪካ የጊታርና የክር መሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎችም እንዲህ ያለውን የእጅ ዕውቀት ሳይደብቁ ሲካፈሉ ቆይተዋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን መሣሪያዎች የሚሠራ አንባቢ ይህ እኔን ይመለከተኛል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በገናም ማሲንቆም፣ በተለመደው አሠራሩ ክራርም፣ ፊታቸው ቆዳ ነው። የሚርገበገበው የተወጠረ ቆዳ ስለሆነ ሠሪው የሚጨነቀው ስለ ቆዳው ምርጫና አወጣጠር እንጂ ስለ ጣውላ አስረኛ ሚሊ ሜትር አይደለም። ፊቱ እንጨት የሆነ ክራር ለመሥራት የተነሳ ሰው ግን ወዲያው ከጊታር ሠሪው ጥያቄ ጋር ይገናኛል፤ እንዲያውም የእሱ ይከብዳል። እንደ ዋንዛ ያለ የአገራችን እንጨት ክብደትና ግትርነት ከስፕሩስ የተለየ ስለሆነ ከላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች መገልበጥ አይችልም። በተለያየ ውፍረት እኩል የተሠሩ ናሙናዎች አዘጋጅቶ ራሱ መፈለግ አለበት፤ ይህን ደግሞ ያለ ማሽን ማድረግ አድካሚ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የሚወሰነው ስፋቱ ነው። ትልቁ የተለመደ የብረት ክር ጊታር በሰፊው ቦታው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊቱ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ተከፍተው ከተጣበቁ ሁለት ግማሾች ይሠራል። ሁለቱ ከተጣበቁ በኋላ በአንድ ጊዜ እንዲያልፉ ከፈለግን 450 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሲሊንደር ያስፈልጋል። አንድ ጎናቸው ክፍት የሆኑ፣ ጣውላውን አዙሮ በሁለት ጊዜ ለማሳለፍ የሚያስችሉ ማሽኖችም አሉ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ በአንድ ወገን ብቻ ስለተያዘ ግን ጥቂት ሲለመጥ መሐል ላይ መስመር ይጥላል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ማሽን ሁለቱም ጎኖቹ የተዘጉ፣ ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ወይም ከብረት የተሠራ ሣጥን ይሻላል እላለሁ።

ሲሊንደሩ ከኤምዲኤፍ ይሠራል። 18 ሚሊ ሜትር ከሚወፍር ኤምዲኤፍ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 25 ክቦች ተቆርጠው መሐላቸው 20 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ከዚያ በኮላ እየተቀቡ በቀጥተኛ የ20 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ላይ አንድ በአንድ ይሰካሉ። ተደርድረው ሲጠበቁ ልክ 450 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ኤምዲኤፍ ከተራ እንጨት የሚመረጠው የቃጫ አቅጣጫ ስለሌለው ነው፤ አየሩ ሲረጥብ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አብጦ ክቡን እንቁላል አያደርገውም። የእንጨት ኮላ ከብረት ጋር ስለማይያያዝ ዘንጉና ክቦቹ በኤፖክሲ ይያዛሉ። በተጨማሪ ሁለቱ ዳር ክቦች ከዘንጉ ጋር ተበስተው ፒን ይገባባቸዋል። ሥራው ሲከብድ ሲሊንደሩ ቆሞ ዘንጉ ብቻውን ቢዞር ኮላው ይቃጠላል።

ዘንጉ በሁለት ባለ እግር ኩሽኔታዎች ላይ ይቀመጣል። በገበያ ዩሲፒ 204 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ልክ የ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላል። ኩሽኔታ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም፤ ዘንጉ በኩሽኔታው ውስጥ የሚጫወተው እያንዳንዱ መቶኛ ሚሊ ሜትር ጣውላው ላይ ሞገድ ሆኖ ይታያል።

ሲሊንደሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ከመግባቱ በፊት ሲሊንደሩ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ይደረጋል። በእጅ ሲዞርና ሲለቀቅ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ወደ ታች ዞሮ የሚቆም ከሆነ ያ ወገን ይከብዳል። ከከባዱ ወገን ዳር ክብ ላይ ትንሽ በትራፓኖ ይቦረቦራል ወይም በቀለለው ወገን ቪት ይጨመራል፤ በየትኛውም ቦታ ሲለቀቅ የሚቆም እስኪሆን ድረስ። የተጠናቀቀው ሲሊንደር ያለ ዘንጉ እንኳ አራት ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ሚዛኑ የተዛባ ከሆነ መላውን ሣጥን ያንቀጠቅጣል።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ክፍል ደርሰናል። እስካሁን የተሠራው ሲሊንደር ሸካራና ያልተስተካከለ ነው። ክቦቹ አንዱ ከሌላው ወጣ ገባ ይላሉ፤ ዘንጉ መሐላቸውን በትክክል አላገኘውም፤ ኩሽኔታዎቹም ሣጥኑ ላይ ሲታሰሩ አንዱ ከሌላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሲሊንደሩን ይዞ ቶርኖ ቤት መሄድ ያለበት ይመስለዋል። አያስፈልግም። እንዲያውም ቶርኖ ቤት በፍጹም ክብነት የተሠራ ሲሊንደር ተመልሶ እዚህ ማሽን ላይ ሲታሰር፣ ዘንጉ ከገበታው ጋር ትይዩ ካልሆነ የሚያወጣው ጣውላ በአንድ ወገን የወፈረ ይሆናል። ማሽኑ የሚፈልገው ከገበታው እኩል የሚርቅ ሲሊንደር ነው፤ ያንን ደግሞ ከራሱ ከገበታው በተሻለ የሚሰጠው የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበታው ይገጠማል፣ ሞተሩ ይያያዛል። ከሲሊንደሩ የሚሰፋ፣ ቀጥተኛነቱ በቀጥተኛ ብረት የተረጋገጠ ወፍራም ሰሌዳ ላይ ቁጥር 60 ብርጭቆ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ ወደ ላይ ሆኖ ሰሌዳው ገበታው ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ መስመሮች ይሠመራሉ። ሞተሩ ተነስቶ ገበታው በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ሲል፣ ወረቀቱ መጀመሪያ የሚነካው ከሁሉ የወጣውን ቦታ ነው። ሰሌዳው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ያንን ይበላዋል፤ ገበታው እንደገና ትንሽ ከፍ ይላል። የመጨረሻዋ የእርሳስ መስመር ስትጠፋ ሲሊንደሩ ክብ ሆኗል፤ ከ130 ወደ 125 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርዷል።

በዚህ አንድ ሥራ ሁለት ስህተቶች አብረው ይጠፋሉ። አንደኛው የክብነት ጉድለት ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው የዘንጉ መዛባት ነው፤ ይህን ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ኩሽኔታዎቹ በከፍታ ካልተካከሉ ሲሊንደሩ በአንደኛው ጫፍ በጥቂቱ ይቀጥናል፤ ማለትም ሲሊንደር መሆኑ ቀርቶ በዓይን የማይታይ ሾጣጣ ይሆናል። ቢሆንም ጣውላውን የሚነካው የውጭው ገጽ ነው፤ ያ ገጽ ከገበታው ጋር ትይዩ ነው። ስለዚህ የተዛባ ዘንግ ያለው ማሽን እኩል የሆነ ጣውላ ያወጣል። ትክክለኛነቱ ከገዛናቸው ዕቃዎች የመጣ አይደለም፤ ማሽኑ ራሱ በራሱ ላይ ያመጣው ነው። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነገር ለጊታር የሚበቃ ጥራት ሊሰጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ አንድ ነው፦ ከዚያ በኋላ ኩሽኔታም የገበታ ማጠፊያም ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። ከተፈታ ማቃናቱ እንደገና ይደረጋል።

ገበታው በአንድ ጫፉ በረጅም ማጠፊያ ይያዛል፣ በሌላው ጫፉ በክር ባለው ዘንግ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ አሠራር ለአንዳንዶች የማይመስል ይሆናል፤ ገበታው ከፍ ሲል ያዘነብላል፣ ታዲያ ጣውላው እንዴት እኩል ይሆናል? ይሆናል። ጣውላው ገበታው ላይ ተኝቶ አብሮ ያዘነብላል፤ ሲሊንደር ደግሞ ጠፍጣፋ ነገርን ከየትም ቢቀርበው በአንድ መስመር ብቻ ይነካዋል። ገበታው ሲያዘነብል የመነካኪያው መስመር በጥቂቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይለያይም።

የማጠፊያው ሌላ ጥቅም ልኬትን ማሳነሱ ነው። ኤም 10 የተባለው የተለመደ ክር በአንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ክሩ ከማጠፊያው በ600 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ከማጠፊያው በ200 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ ሥር ያለው ገበታ ከፍ የሚለው የዚያን ሲሦ ነው። አንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ የዙር አንድ አምስተኛ አንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክሩ ላይ ክብ እጀታ ይደረግና ዙሪያው አምስት ቦታ ላይ ይሠመርበታል። ከዚህ በኋላ አስረኛ ሚሊ ሜትር ማንሳት ለማንም አያቅትም።

ሞተሩን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በእጅ የሚገኙት ብዙዎቹ ንድፎች የአሜሪካ ናቸው፤ ልኬታቸው በኢንች ነው፣ ሞተሮቻቸውም በ60 ኸርዝ በደቂቃ 1,725 ዙር የሚሽከረከሩ ናቸው። በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ተመሳሳዩ ባለ አራት ዋልታ ሞተር በደቂቃ 1,440 ዙር ገደማ ነው የሚሰጠው። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ የንድፉን ፑሌጃዎች እንዳሉ ይጠቀም፤ ኢትዮጵያ ወይም አውሮፓ ያለው ግን ማስላት አለበት። 125 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ዙሪያው 393 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ፑሌጃዎች እኩል ከሆኑና ሲሊንደሩ 1,440 ዙር ከዞረ ወረቀቱ በሴኮንድ 9.4 ሜትር ይጓዛል። ይህ ለሥራችን የተስማማ ፍጥነት ነው። እጅግ ከፈጠነ እንደ ሮዝውድ ያሉ ሙጫ ያላቸው እንጨቶች ይቃጠላሉ፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሥራው ይጓተታል። የሞተሩ ጉልበት 1.1 ኪሎ ዋት ከሆነ ይበቃል። ማብሪያ ማጥፊያው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑን በራሱ የማያስነሳ ዓይነት ይሁን፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ዕቃ ጣት ያድናል።

ወረቀቱን መጠቅለል ሲታይ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በጨርቅ ላይ የተሠራ፣ 100 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጥቅል ብርጭቆ ወረቀት ይገዛል። በሲሊንደሩ ላይ እንደ ፋሻ በጠመዝማዛ ስለሚሄድ ጫፎቹ ሰያፍ መቆረጥ አለባቸው፤ የሰያፉ መስመር ርዝመት ከሲሊንደሩ ዙሪያ ጋር እኩል፣ 393 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጫፉ በሲሊንደሩ ዳር ላይ አንድ ሙሉ ክብ ሠርቶ ይዘጋል። ለማግኘት ከአንዱ ጠርዝ ላይ ነጥብ ይደረጋል፣ በሌላው ጠርዝ 380 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሌላ ነጥብ ይደረጋል፣ ሁለቱ ይያያዛሉ። ሌላኛው ጫፍ ከዚህኛው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆረጣል። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ርዝመት 1,768 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሾል እስከ ሾል 2.15 ሜትር ያህል ይወስዳል። ሲጠቀለል አንዱ ዙር በሌላው ላይ በጭራሽ መደረብ የለበትም፤ የተደረበበት ቦታ ከሌላው ከፍ ስለሚል ጣውላው ላይ ቦይ ይቆፍራል። አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢቀር ግን ምንም አይልም።

ወረቀቱን የሚይዘው ምን ይሁን በሚለው ላይ ሠሪዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ሲሊንደሩን በጸጉራም መያዣ ጨርቅ ይሸፍኑና ወረቀቱን እንደ ጫማ መለጠፊያ እየነቀሉ ይቀያይራሉ። ፈጣን ነው። ጨርቁ ግን ለስላሳ ስለሆነ ጣውላው ሲገባና ሲወጣ ይጨመቃል፤ የጣውላው ጫፍ ከመሐሉ ይሳሳል። ለእኔ ወረቀቱ በጠንካራ ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት፦ ሲሊንደሩ በቫርኒሽ ታሽጎ፣ ወረቀቱ በስሱ ማጣበቂያ ተይዞ፣ ሁለቱ ጫፎች በክር ባለው ጠንካራ ፕላስተር ታስረው። መቀየሩ ጊዜ ይወስዳል፤ የምንሠራው ነገር ግን በአስረኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው።

ማሽኑ ሲያልቅ የሚደረገው ፈተና አጭር ነው። ሁለት ጠባብ ቁራጮች፣ አንዱ በሲሊንደሩ ግራ ጫፍ፣ አንዱ በቀኙ፣ በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ሁለቱ በካሊፐር ሲለኩ ልዩነታቸው ከአንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር ከበለጠ ማቃናቱ እንደገና ይደረጋል።

ቀጥሎ ስለ አደጋው በግልጽ መናገር አለብኝ። ጣውላው መግባት ያለበት ከሲሊንደሩ ዙረት ተቃራኒ ነው፤ ማለትም ጣውላ የሚያስገባው ሰው ቆሞ ሲያይ የሲሊንደሩ የታችኛው ገጽ ወደ እሱ መምጣት አለበት። በሌላው አቅጣጫ ከገባ ሲሊንደሩ ጣውላውን ነጥቆ በሌላ በኩል ያስወነጭፈዋል። በትክክል ሲገባም ሲሊንደሩ ጣውላውን ወደ ሰውየው ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከጣውላው ጀርባ አይቆምም፣ ወደ ጎን ፈንጠር ይባላል። እጅ ከሲሊንደሩ ሽፋን ሥር አይገባም። ጓንት፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ጸጉርና ነጠላ ከዚህ ማሽን አጠገብ ቦታ የላቸውም። ጣውላው የሚገፋው ከሥሩ ብርጭቆ ወረቀት በተለጠፈበት፣ ከኋላው ደፍ ባለው ተንሸራታች ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ነው።

ግፊቱ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ጣውላው ሲሊንደሩ ሥር ለአፍታ ከቆመ እዚያው ቦይ ይወጣበታል። ስለዚህ እስከ ግማሽ ከተገፋ በኋላ ከወዲያ በኩል ያለ ሁለተኛ ሰው እየሳበ ቢጨርሰው ይመረጣል። በመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር የሚነዳ ማጓጓዣ ሸራ የሚገጥሙ ሠሪዎች አሉ፤ ሞተሩ ዝግተኛና ጉልበታም ስለሆነ ለሥራው ይስማማል። ለመጀመሪያው ማሽን ግን ይቅር። ሸራው ራሱ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ስንት የደከምንበትን የገበታና የሲሊንደር ስምምነት ያፈርሰዋል።

በቁጥር 80 ወረቀት በአንድ ማለፊያ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ማንሳት ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ሲባል ሞተሩ ያቃስታል፣ እንጨቱ ይሞቃል፣ የሞቀ ስስ ጣውላ ደግሞ ወዲያው ይቆለመማል። አራት ሚሊ ሜትር ሆኖ የመጣ ስፕሩስ ወደ ሦስት ለመውረድ ስምንት ጊዜ ያህል ያልፋል። ገጾቹም እየተገላበጡ ከሁለቱም ወገን እኩል መነሳት አለበት፤ በአንድ ወገን ብቻ የተገፈፈ ጣውላ ከውስጡ የወጣው አዲስ ገጽ ከአየሩ ጋር እርጥበት ሲለዋወጥ ይጎብጣል። ሮዝውድና ዞጲ ወረቀቱን በሙጫና በዱቄት ይደፍኑታል። የተደፈነ ወረቀት አያነሳም፣ ያቃጥላል፤ ሲሊንደሩ እየዞረ በጥሬ ጎማ ማጽጃ ቢታሽ አብዛኛው ይለቃል።

አቧራው ከሁሉ ይከፋል። መላጊያ ቅርፊት ይጥላል፣ መጋዝ ሰጋቱራ ይጥላል፤ ሁለቱም መሬት ይወርዳሉ። ይህ ማሽን ግን የሚያወጣው አየር ላይ የሚንሳፈፍ፣ እስከ ሳንባ የሚዘልቅ ዱቄት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ አስገብቶታል፤ ጎልቶ የታየው በአፍንጫና በዙሪያው ባሉ ክፍት ቦታዎች ነው። የሮዝውድ ዝርያዎች ደግሞ ቆዳ የሚያሳክክና መተንፈሻ የሚዘጋ አለርጂ ያስነሳሉ፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ ሠሪው ያንን እንጨት ለሁልጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደሩ በጠባብ ሽፋን ይዘጋል፣ ከሽፋኑ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ መምጠጫው ይሄዳል፣ ሠሪው ደግሞ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 ጭንብል ያደርጋል። መምጠጫ ከሌለ ማሽኑ ደጅ ወጥቶ ይሠራበታል። ያለ ሁለቱም ግን አይነሳ።

ጣውላው ከሚፈለገው ውፍረት 0.2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከማሽኑ ይወጣል። ቁጥር 80 ወረቀት የጣላቸው ጭረቶች በሹል መፋቂያ ብረት የሚወገዱት ከዚህ ከተረፈው ነው። ቁጥር 150 ወረቀት ገጥሞ በማሽኑ መጨረስም ይቻላል፤ ደቃቅ ወረቀት ግን ቶሎ ይደፈናል፣ ሮዝውድ ላይ ጥቁር የቃጠሎ መስመር ይጥላል። መፋቂያው አቧራ ሳያስነሳ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ብዙ ሠሪዎች የፊት ጣውላውን ዳር፣ በተለይ የታችኛውን ሰፊ ቦታ ዙሪያ፣ ከመሐሉ ጥቂት አስረኛ ሚሊ ሜትር ያሳሱታል፤ ጣውላው ጎኖቹ ላይ ተጣብቆም በቀላሉ እንዲንቀሳቀስ። ይህን ሲሊንደሩ ሊሠራው አይችልም። የሚሠራው በትንሽ የእጅ መላጊያ፣ አንገቱ ረጅም በሆነ ካሊፐር እየተለካና በጣት እየተንኳኳ ነው፤ ፊቱን ከውስጥ የሚያጠናክሩት ደጋፊ በትሮች ከተጣበቁ በኋላ ስለሚደረግም ከበትሮቹ አቀራረጽ ጋር በሚቀጥለው ምዕራፍ እናየዋለን።